በግ ያልኩት አሳማ

አሳማ በአካል አይቼ አላውቅም። ይህን የምትለው ሦስት ዓመት ሙሉ ከአሳማ ጋር የከረመች ሴት ናት። ከሥጋው ጋር አይደለም፤ እግዚአብሔር ይጠብቀኝ። ከሽሉ ጋር ነው፣ ያውም ገና ሳምንት ካልሞላው፣ ያለ ማጉያ መሣሪያ ለዓይን ከማይታየው ሽል ጋር። እሱንም ቢሆን ያየሁት በቁጥር ነው።

ከጎጃም ድሬዳዋ የመጣሁት ዩኒቨርሲቲ ላስተምር ነበር። አስተማሪ ሦስተኛ ዲግሪ ካልያዘ በስብሰባ ላይ ወንበር እንኳ አይሳብለትምና እኔም ወንበር ይሳብልኝ ብዬ ተመዘገብኩ። ርዕሱን የሰጡኝ አማካሪዬ ናቸው። በሩቅ አገር ያለ አንድ ቤተ ሙከራ የአሳማ ሽሎችን መርምሮ ያገኘውን የቁጥር ክምር ለፈለገ ሁሉ ክፍት አድርጎት ነበር። “ይሄ ላንቺ የተሠራ ነው፤ ቤተ ሙከራ አያስፈልግሽም፣ ላፕቶፕ ይበቃሻል” አሉኝ። ደግነት መሰለኝ። ቤተ ሙከራ ስላልነበረ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

“ግን አሳማ…” አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

“ለሰው ቅርብ ነው እኮ!” አሉኝ፣ ያጽናኑኝ መስሏቸው።

ለማያውቅ ላስረዳ። እንቁላሉ ከዘሩ ጋር ከተገናኘ በኋላ አንዱ ሕዋስ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ ይከፈላል። በነዚያ ጥቂት ቀናት ሽሉ የራሱ ቃል የለውም። የሚኖረው እናቱ ገና በእንቁላሉ ውስጥ ሳለች አስቀድማ በቋጠረችለት መልእክት ነው፤ የእናት ስንቅ በሉት። የራሱ ዘረመሎች አሉ፣ ግን ተኝተዋል። ስንቁ እየተመናመነ ሲሄድ ነው የሚነቁት፤ ከዚያ ወዲያ ሽሉ በራሱ ትእዛዝ ያድራል፣ ወይም ሳይችል ቀርቶ ይቆማል። በአሳማ ይህ የሚሆነው አራት ሕዋስ ላይ ሲደርስ ነው። በሰው በአራትና በስምንት መካከል። በበግ ግን እስከ ስምንት፣ አልፎም እስከ ዐሥራ ስድስት ይዘገያል። የበጓን ቁጥር ያዙልኝ፤ ያለ ምክንያት አላነሣኋትም።

የእኔ ሥራ የትኛው ዘረመል በየትኛው ደረጃ ላይ እንደ ነቃ፣ የትኛው ደግሞ እንቢ ብሎ እንደ ተኛ መዝግቦ መያዝ ነበር። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ የእናቴ በሶ አሁንም በአውቶቡስ ይላክልኛል፤ ስለዚህ ሽሉ ዘገየ ብዬ የምፈርድበት ሰው አይደለሁም።

ቤት የተከራየሁት ከአንዲት ሙስሊም እናት ግቢ ነው። ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከሞቱ ቆይተዋል። እማማ እላቸዋለሁ። እማማ የሚቆጡት በኦሮምኛ፣ ገበያ የሚከራከሩት በሶማልኛ፣ የሚመክሩት ደግሞ በአማርኛ ነው። እኔ ምክሩ ብቻ ስለሚገባኝ መጀመሪያ ላይ በጣም የዋህ ሴት መስለውኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን “እርስዎ” ስላቸው ፊታቸውን አጨማደዱ።

“አቦ ተይኝ! አንቺ በይኝ። እርስዎ ስትዪኝ የሞትኩ ነው የሚመስለኝ።”

“እንዴት ብዬ፣ እማማ? የእናቴ እኩያ ነዎት።”

“እናትሽ ድሬ ትምጣና አንቺ እላታለሁ” አሉና ክፍሉን ሊያሳዩኝ ገቡ። ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ የጣሪያው ማራገቢያም ይሠራል። ይህን ልብ በሉ፤ ያኔ የሰኔ ሙቀት ነበር፣ እኔም ደጋ ያደግኩ ሰው ነኝ። እማማ ቁልፉን እጃቸው ላይ እያንቀጫቀጩ “ምንድነው የምትማሪው?” አሉኝ።

“ስለ እንስሳት ጽንስ ነው።”

“የምን እንስሳ?”

ማራገቢያውን ቀና ብዬ አየሁት።

“የበግ” አልኩ።

ስዋሽ እንኳ ጥንቁቅ ነኝ። ድንገት ቢጠይቁኝ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ በግ ሽል አነበብኩ፤ ስምንትና ዐሥራ ስድስት ያልኳችሁን ያገኘሁት ያኔ ነው። የኔ ውሸት ማጣቀሻ ያላት ውሸት ናት። ስንት እውነት ያለ ማጣቀሻ በሚዞርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እማማ በጉን ወደዱት። “በግ የተባረከ ነው። በኢስማኤል ፋንታ የወረደው እሱ አይደል?” አሉ። በእኔ መጽሐፍ ልጁ ይስሐቅ ነው። በልጁ ባንስማማም በበጉ ተስማማንና እዚያው ላይ ተውነው። ያ በግ አሳማ መሆኑን የማውቀው እኔና ፈጣሪ ብቻ ነበርን፤ ሁለታችንም ዝም አልን፣ እሱ በትዕግሥቱ፣ እኔ በማራገቢያው።

እማማና እኔ በፍስክ ቀን አንድ ማዕድ አንቀርብም። የሳቸውን ሥጋ እኔ አልበላም፣ የኔን እሳቸው አይበሉም፤ ጠብ አይደለም፣ ደንብ ነው። በጾም ቀን ግን ሥጋው ሲነሣ ደንቡም አብሮ ይነሣል። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት… ሲደማመር ከዓመቱ ግማሽ በላይ ነው። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ትልቅ የብረት ሳህን አላቸው። በጾም ቀን የምስር ሳምቡሳ ወይም ሩዝ በድንች ይሞሉበትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የምበላበት ሰዓት መድረሱን ከእኔ አስቀድመው አውቀው፣ በሬ ላይ ይመጣሉ። ከአንድ ሳህን እንበላለን። ሌላው ሰው ከሥጋ ለመራቅ ይጾማል፤ እኔ ደግሞ ከሰው ጋር ለመብላት። የትንሣኤ ዋዜማ ላይ “ምነው ይሄ ጾምሽ ባላለቀ” ይሉኛል ከልባቸው አዝነው።

ነገሩ የተበላሸው፣ ወይም የተስተካከለው፣ በዚያ ሳህን ላይ ነው። እማማ ሳቢያን የሚባለው ሰፈር ያገባች አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም በሁለተኛው ወር ወርዶባታል። አማቷ እዚያው ቤት ነው የሚኖሩት፤ ምክንያቱንም ያውቁታል። የመጀመሪያው ጀሪካን ስላነሣች ነው። ሁለተኛው ጀሪካን ባታነሣም ስታነሣ የኖረችው ጀሪካን ስላለ ነው። በዚያ ላይ የቀዘቀዘ ውሃ ጠጥታለች፣ ባጃጅ ተሳፍራለች፣ አንድ ቀን ደግሞ ጮክ ብላ ስቃለች። ይህን ሁሉ ያለ ምንም የቁጥር ክምር ነው የደረሱበት።

አንድ ረቡዕ እማማ ሳምቡሳውን ይዘው ሳይጎርሱ ቆዩ።

“ቲቸር፣ ያ በግሽ… ጽንሱ የሚቆመው ለምንድነው?”

“እማማ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም።”

“ሐኪም አላልኩሽም። በጉን ነው የጠየቅኩሽ።”

የማውቀውን ነገርኳቸው። የእናት ስንቅ እንዳለ፣ ስንቁ ሲመናመን ጽንሱ በራሱ መነሣት እንዳለበት፣ በበግ ያ የሚሆነው ስምንት ሕዋስ አካባቢ እንደሆነ፣ ብዙው ሳይነሣ እንደሚቀር። በሰውም ቢሆን፣ ወር ሁለት ወር ቆይቶ የሚወርደውም ጭምር፣ አብዛኛው ከመነሻው በውስጡ ባለ እክል እንደሚቆም፣ ልጅቷ ግን የግድ ሐኪም ዘንድ መታየት እንዳለባት።

“እናትየዋ ስንቋን ሰጥታለች ማለት ነው?”

“ሰጥታለች።”

“ጀሪካኑስ?”

“ጀሪካኑ ምንም አላደረገም።”

እማማ እጃቸውን ታጥበው፣ ሻሻቸውን አስረው፣ ሳህኑን እኔው ላይ ጥለው በባጃጅ ሳቢያን ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ በጉ ከእጄ ወጣ። እማማ ለልጃቸው ነገሩ፤ ልጅቷ ሰምታ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አለቀሰችና በማግስቱ ፊቷን ታጥባ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙም ያንኑ ነገራት። ሐኪም ግን ለአማት አይበቃም። አማትየዋን ዝም ያሰኛቸው በጉ ነው። “በግ እንኳ፣ ያ የተባረከው እንስሳ፣ እንዲህ ከሆነ እንግዲህ…” አሉ አሉ፣ ጀሪካኑንም ከአፋቸው አወረዱት። የኔ በግ ሳቢያን ውስጥ ካለ ማንም ሽማግሌ በላይ ተሰሚነት አገኘ። ከጥቂት ወራት በኋላም ልጅቷ ለሦስተኛ ጊዜ አረገዘች።

አሁን እውነቱ ቢወጣ ምን እንደሚከተል ለመገመት ሦስተኛ ዲግሪ አያስፈልግም። “የልጄን ዘር ከአሳማ ጋር ያስተያየች!” ይባላል፤ ጀሪካኑ ይመለሳል፤ ያቺ ልጅ ገና ሁለተኛ ወሯን ሳትሻገር ጥፋቱን እንደገና ትሸከማለች። እማማም ያን ሳህን ዳግም ወደ በሬ አያመጡትም። እኔ ጥንቁቋ ሴት፣ ማራገቢያ አይቼ በተናገርኳት አንዲት ቃል።

የንስሐ አባቴ ያሉት ጎጃም ነው። የቤታችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ ከተማዋን ለሁለት እስከሚከፍለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ድረስ ወርጄ ደወልኩላቸው።

“አባ፣ ኃጢአት አለብኝ። አሳማ ነው።”

“በላሽ?”

“ኧረ አልበላሁም!”

“ነካሽው?”

“አልነካሁም።”

“ቤትሽ አስገባሽው?”

“በላፕቶፕ።”

“ታዲያ ምን አደረግሽው፣ ልጄ?”

“ጽንሱ ውስጥ የትኛው ዘረመል መቼ እንደሚነቃ ቆጠርኩ።”

አባ ስንት ዓመት ስንቱን የሰሙ ካህን ናቸው፤ ይህን ግን ሰምተው እንደማያውቁ ከትንፋሻቸው አወቅኩ። እግረ መንገዴን፣ ለመሙላት ያህል፣ የእማማንና የልጃቸውን ነገር ሳወራ አቋረጡኝ።

“ቆይ፣ ቆይ። ለሴትዮዋ በግ ነው አልሻቸው?”

“አዎ፣ አባ።”

“እንግዲያው ኃጢአትሽ አሳማው አይደለም፤ በጉ ነው። አርባ ስገጂ። ከዚያ ሄደሽ እውነቱን ንገሪያቸው።”

አርባውን በዚያው ቀን ሰገድኩ። በድሬ ሙቀት ስለሆነ ሰማንያ ቢታሰብልኝ አይበዛም ነበር። መንገሩን ግን አሳደርኩት። ከቀኖናው ግማሹን ፈጽሜያለሁ፤ በማስተምርበት ክፍል ግማሽ ያመጣ ያልፋል።

በመሃሉ ጽሑፌ አለቀና በፈታኞች ፊት የማቀርብበት ቀን ተቆረጠ። ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ለፈታኞቹ የማሳያቸውን ገጾች ከፍቼ፣ ጸሎቴን አድርሼ፣ ለበረከት ብዬ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ጠበል አነሣሁ። አንድ ጠብታ የላፕቶፑ ክዳን ላይ፣ በመስቀል ምልክት፤ ሐሳቤ ያ ብቻ ነበር። የፕላስቲክ ጠርሙሱ ቡሽ ግን ላልቶ ኖሮ በረከቱ በአንዴ መጣ። ላፕቶፑ አንዴ ብልጭ አለና ጨለመ። ጽሑፉ ሦስት ቦታ ተቀምጧል፤ ጥንቁቅ ነኝ አላልኳችሁም? ላፕቶፕ ግን ያለኝ አንድ ነው። ጩኸቴን የሰሙት እማማ ናቸው።

“ተነሺ! ታይዋን ዘመድ አለኝ። የሞተ ያስነሣል።”

ታይዋን ገበያ ውስጥ፣ ከልብስና ከስልክ ክምር መሃል፣ ሁለት ሰው የማያዞር ሱቅ ያለው ጎልማሳ ጠጋኝ ነው። እማማ ከበሩ ጀምረው በኩራት አስተዋወቁኝ፤ “ያቺ የበጓ ቲቸር ናት፣ የኛን ልጅ ነገር ያወቀችው።” ሰውዬው ላፕቶፑን ገለበጠው፤ ውሃ ተንጠባጠበ።

“ምን ፈሶበት ነው?”

“ጠበል ነው” አሉ እማማ ቀድመውኝ። “አትፍራ፣ ንጹሕ ነው።”

“አቦ ጠበል ሰይጣን ያስወጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ባትሪ ያስወጣል ሲሉ ግን አልሰማሁም።”

ፈታታው፣ አበሰው፣ በፀጉር ማድረቂያ ግማሽ ሰዓት ያህል ነፋው። እማማ ከኋላው ቆመው ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። በሁለት በኩል ሲጸለይለት ላፕቶፑ ነቃ። የነቃውም የተኛበት ቦታ ላይ ነው፦ የመጀመሪያው ገጽ ላይ። አማካሪዬ “ፎቶ የሌለው ገጽ ደረቅ ነው” ብለው በግድ ያስገቡብኝ ፎቶ አለ። አንዲት ግዙፍ፣ ሮዝ እናት አሳማ በጎኗ ተጋድማ፣ ዐሥራ አንድ ልጆቿ ተደርድረው ይጠባሉ።

ሰውዬው የፀጉር ማድረቂያውን አጠፋ። ፎቶውን አየ፣ እማማን አየ፣ እኔን አየ።

“ቲቸር፣ ይሄ የየት አገር በግ ነው?”

እማማ አልሳቁም። ሻሻቸውን ወደ ፊት ሳብ አድርገው ወጡ። ባጃጅ ውስጥ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ በሦስቱም ቋንቋ ነው ዝም ያሉኝ።

ግቢ ስንደርስ በቀጥታ ወደ ማጀት ገብተው ያን ሰማያዊ ጠርዝ ሳህን አወጡ። ቧንቧው ሥር ቁጭ ብለው ማጠብ ጀመሩ። በመጀመሪያ ከግቢው ጥግ የዘገኑትን አፈር አደረጉበትና ፈተጉት። ከዚያ በውሃ ስድስት ጊዜ። አሳማ የነካው ዕቃ በሳቸው ዘንድ እንዲህ ነው የሚነጻው። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ቆጠርኩ፤ ሥራዬ መቁጠር ነው።

“እማማ፣ ወላዲተ አምላክን፣ በእጄ ነክቼው አላውቅም። ቁጥር ብቻ ነው።”

“አውቃለሁ። ይሄ ለልቤ ነው።” ሳህኑን ፀሐይ ላይ ደፉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ውስጥ የነበረው ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነው። “አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በምታመልኪው ይሁንብሽ እንዳትዋሺኝ። ለልጄ ያልሽው… ስንቁን ሰጥታለች፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም ያልሽው… እሱም ውሸት ነው?”

ለካ ሴትዮዋን ያስጨነቃቸው አሳማው አልነበረም።

“እሱ እውነት ነው፣ እማማ። ሐኪሙም ብሏታል። የዋሸሁት እንስሳውን ብቻ ነው። ቁጥሩንም… በበግ ስምንት ያልኩዎት የበግ ነው። የኔ ግን አራት ነው።”

“የሰውስ?”

“በአራትና በስምንት መካከል።”

“ሰው ለዚያ… ለዚያ ይቀርባል ማለት ነው?”

“አማካሪዬም እንዲሁ ነው የሚሉት።”

“ሱብሓነላህ” አሉና ማጀት ገቡ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ በሬ አልተንኳኳም። የእናቴን በሶ በጥብጬ ብቻዬን ልጠጣ ስል እማማ ሳህኑን ይዘው ገቡ። ሩዝ በድንች ነው። መሃሉ ላይ አስቀምጠው ከወዲያ በኩል እጃቸውን ሰደዱ።

“ብዪ። ሳህኑ ነጽቷል፤ አንቺ ነሽ ገና ያልነጻሽው። ነገ ሳቢያን ሄደሽ በአፍሽ ትነግሪያታለሽ።”

ቅዳሜ ሄድን። አማትየዋ ማራገቢያው ሥር ተቀምጠዋል። እማማ ከጎናቸው ሄደው ቁጭ አሉና ዕቃ እንዳግዛት ብለው ከልጃቸው ጋር ወደ ማጀት ላኩኝ። ልጅቷ ሦስተኛ ወሯን ልትጨርስ ነው፤ በግድግዳው በኩል እንዳይሰማ ጆሮዋ ሥር ሁሉንም ነገርኳት፦ በግ እንዳልሆነ፣ አሳማ እንደሆነ፣ ለቤት ብዬ እንደዋሸሁ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እጇ ሆዷ ላይ ነው።

“ጥፋቱ የኔ አይደለም ያልሽው ይቀየራል?”

“አይቀየርም።”

“ምንም?”

“ምንም።”

“ታዲያ አሳማም ይሁን ጅብ ምን አገባኝ!” አለችና ሳቋ አመለጣት፤ ድምፁ እንዳይወጣ በነጠላዬ ጫፍ አፏን አፈነች። “ግን አባዮ፣ እህቴ፣ ለአማቴ እንዳትነግሪያት። ወላሂ ያን ጀሪካን እንደገና ታሸክመኛለች።”

ወደ ሳሎን ስንመለስ አማትየዋ ቀና ብለው አዩኝ። “ቲቸር፣ ያ በግሽ እንዴት ነው?”

አፌን ከፈትኩ። ቀኖናዬ ትዝ አለኝ፣ ወንዙም፣ አሸዋውም። እማማ ግን ቀደሙኝ።

“ጨረሰች፣ አልሐምዱሊላህ! እንደውም ያ ስምንት ያልኩሽ ስሕተት ነው። እንደገና ብትቆጥረው አራት ሆኖ አገኘችው። በጉ በአራት ነው የሚነቃው።”

“በአራት?” አሉ አማትየዋ። “ማሻአላህ፣ ጎበዝ በግ ነው።”

በዓለም ላይ በአራት ሕዋስ የሚነቃ በግ ሳቢያን ውስጥ ብቻ አለ፤ በየትኛውም መጽሐፍ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ቁጥር ትክክል ሆኖ እንስሳው ሲሳሳት ቁጭ ብሎ መስማት ለተመራማሪ ቀላል አይደለም። “እማማ፣ አራትስ የ…” ብዬ ጀመርኩ። እማማ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ልጅቷ ከበሩ ላይ ሆዷን ይዛ አየችኝ። አፌን ዘጋሁ።

አሁን ልጅቷ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። እኔም ጽሑፌን አቅርቤ አልፌያለሁ፤ በስብሰባ ላይ ወንበር ይሳብልኛል። ያኔ ከሳቢያን በተመለስኩ በማግስቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚያው አሸዋ ላይ ቆሜ ለአባ ደወልኩ።

“ሰገድሽ?”

“ሰገድኩ።”

“ለሴትዮዋ ነገርሻቸው?”

“ላፕቶፑ ቀደመኝ፣ አባ፤ የቀረውን ግን እኔ ነገርኳቸው። ለልጃቸውም ነገርኳት።”

“እግዚአብሔር ይፍታሽ። ታዲያ ሴትዮዋ ምን አሉ?”

“‘በግ ነው’ አሉ።”

ከአባ ኋላ ዶሮ ሲጮህ ተሰማኝ።